ቤተሰብ ይዞ አዲስ አበባ መግባት፦ መጀመሪያ ሰፈር፣ ከዚያ ቤት

የሥራ ዝውውር ደረሳችሁ እንበል። ወይም ከሁለታችሁ አንዳችሁ አዲስ አበባ ሥራ አገኛችሁ፤ ሁለት ልጆች፣ ምናልባት አንዲት አያት፣ የአንድ ቤት ሙሉ ዕቃ ይዛችሁ ከደሴ፣ ከሐዋሳ ወይም ከጅማ ልትነሱ ነው። ያን ጊዜ ለዘመድ ተደውሎ የሚጠየቀው ሁሌም አንድ ነገር ነው፦ «ቤት ኪራይ ስንት ገባ?» ጥያቄው ልክ ነው፣ ተራው ግን ገና ነው። ላጤ ርካሽ ያገኘበት ይገባል፤ ካልተመቸው በወሩ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይወጣል። ቤተሰብ እንደዛ አይችልም። ልጆች ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ዓመቱ እስኪያልቅ መነቃነቅ የለም።

ስለዚህ የምመክረው ቅደም ተከተል ይሄ ነው። መጀመሪያ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ የሥራ መንገዱ፣ ከዚያ ውሃው፣ በመጨረሻ ቤቱ። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርጋል። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ያይና ቀብድ ይከፍላል፤ መስከረም ሲጠባ ልጆቹን በጨለማ ቀስቅሶ መንገድ ዳር ሰርቪስ ሲጠብቅ ታገኙታላችሁ።

ከተቻለ አንዳችሁ ቅደሙ። ዘመድ ቤትም ይሁን ርካሽ ፔንሲዮን፣ አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ ሥራውን ይጀምርና ቤቱን ቀስ ብሎ ይፈልግ። ቤተሰቡን በሙሉ ዘመድ ላይ አሳርፎ ቤት መፈለግ ችኮላ ያመጣል። ዘመዶቻችሁ ደጎች ናቸው፣ ምንም አይሏችሁም፤ እናንተ ግን ይጨንቃችኋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣላችሁን ቤት «ይሁን» ብላችሁ ትይዛላችሁ። ፍለጋውን ሰኔ መጨረሻ ላይ መጀመር ጥሩ ነው። ነሐሴ ሲደርስ ተከራይ ሁሉ አብሮ ይነቃል። ደግሞም ክረምት የሚደብቀው ነገር የለም፤ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ያፈሳል፣ መንገዱ ጭቃ ከሆነ ጫማችሁ ይነግራችኋል።

ትምህርት ቤቱ

ልጆቻችሁ ትንንሾች ከሆኑ መለኪያው አንድ ነው፦ በእግር መድረስ። ሌላው ሁሉ ድርድር አለው። አባትም እናትም በታክሲ መንገላታት ይችላሉ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ግን በየቀኑ ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም። «ሰርቪስ አለው እኮ» ይሏችኋል። አዎ፣ አለው። ግን ሹፌሩን አግኙትና ልጆቹን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያነሳ ጠይቁት። መስመሩ ጫፍ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ጠዋት መጀመሪያ የሚነሳው፣ ብዙ ጊዜም ማታ መጨረሻ የሚወርደው የእናንተ ልጅ ነው። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ቢመስልም ሰርቪሱ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ እስኪደርስ ልጁ ተኝቶ ነው የሚገባው።

የመንግሥት ትምህርት ቤትን ሳታዩ አትለፉት። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ቤተሰብ «አዲስ አበባ ከሆነ የግል ነው» ብሎ ይነሳል፤ ሁሌ አይደለም። በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ጀምሮ የተማሪዎች ምገባ አለ፤ ለሁለት ልጅ ምሳ ዕቃ የሚሞላ ሰው ይሄ ምን ያህል ሸክም እንደሚያቀል ያውቃል። በተረፈ ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት ይለያል። ከሰዓት ልጆች ሲለቀቁ በር ላይ ቁሙና ከሚጠብቁት እናቶች ጋር አውሩ። ርዕሰ መምህሩ የማይነግራችሁን እነሱ ይነግሯችኋል፤ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንዳለ፣ መምህር ይቀያየር እንደሆነ፣ የግል ከሆነ ደግሞ ክፍያው በየዓመቱ በስንት እንደዘለለ።

ስድስተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል የሆነ ልጅ ካለ በዓመቱ መሀል አታንቀሳቅሱት። ፈተናው በክልልና በከተማ አስተዳደር ደረጃ የሚሰጥ ስለሆነ በዝግጅት መሀል ሲቀየር ልጁ ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዳው። እዚያው ይጨርስ፣ ሰኔ ይምጣ። እስካሁን በሌላ ቋንቋ ሲማር የነበረ ልጅ ከሆነ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋውን ቀድማችሁ ጠይቁ። በአዲስ አበባ የመጀመሪያ ደረጃ በአማርኛ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩም አሉ፣ ግን ሁሉም ሰፈር ውስጥ አይደሉም። ሰፈሩን ሊወስንላችሁ የሚችለው ይሄ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከድሮው ትምህርት ቤት ካርዱን፣ መልቀቂያውንና ትራንስክሪፕቱን ማህተም አስመትታችሁ ውሰዱ። በኋላ አንዲት ማህተም ፍለጋ ሰባት ሰዓት በአውቶብስ መመለስ አለ።

መንገዱ

አዲስ አበባን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ እንዲህ ናት። በምሥራቅ በኩል ሲኤምሲ፣ አያት፣ ሰሚት፣ ኮተቤ አሉ፤ የዚያ ወገን ሰው አብዛኛው የሚፈሰው በመገናኛ ነው። በደቡብ ምዕራብ ጀሞ፣ ለቡ፣ ሃይሌ ጋርመንት፤ ወደ ሜክሲኮ ወይም ወደ ሳር ቤት ይገባሉ። በደቡብ ሳሪስ፣ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ። በምዕራብ አየር ጤና፣ ቤቴል፣ ዓለም ባንክ፤ በጦር ኃይሎች በኩል። ሰሜኑ ሽሮ ሜዳ፣ አዲሱ ገበያ፤ ወደ ፒያሳ ይወርዳል።

ደንቡ ቀላል ነው፤ ከተማዋን አታቋርጡ። ሥራችሁ ቃሊቲ ከሆነ አያት ያለው ቤት የቱንም ያህል ቢያምር ይለፋችሁ። ሥራውና ቤቱ በአንድ ወገን ይሁኑ። ከዚያም የተሻለ አለ፦ ከሰዉ በተቃራኒ መሄድ። ጠዋት ሁሉም ከዳር ወደ መሀል ነው የሚጎርፈው። መሥሪያ ቤታችሁ ዳር ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ወደ ገላን ወይም ወደ አቃቂ ፋብሪካዎች፣ ቤታችሁን ከዚያ ወደ መሀል ጠጋ አድርጉት። ሳሪስ የሚኖር ሰው ጠዋት ወደ ቃሊቲ ሲወርድ ታክሲ ውስጥ ወንበር መርጦ ይቀመጣል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰልፍ ደግሞ ጥጉ አይታይም።

ርቀትን በኪሎ ሜትር አትለኩ፣ በቅያሪ ለኩ። አንድ ታክሲ ይዛችሁ የምትደርሱበት አሥር ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ቦታ ወርዳችሁ ከምትሰለፉበት አምስት ኪሎ ሜትር ይሻላል። ደላላ ቤት የሚያሳያችሁ እሁድ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ከየትም የትም አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። እናንተ ማክሰኞ ጠዋት 12፡30 ላይ ሰፈሩ ታክሲ መያዣ ላይ ሂዱና ቁሙ። ሰልፉን እዩ። ሚኒባሱ ባዶ ነው የሚመጣው ወይስ ሞልቶ ነው የሚያልፈው? አንበሳ ወይም ሸገር ባስ አለ? ከዚያ ማታ 11፡30 ላይ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ሆናችሁ ወደ ሰፈሩ ለመመለስ ሞክሩ። ዝናብ ካለ እሰየው፤ እውነተኛውን ቀን አገኛችሁ ማለት ነው።

ስለ ባቡሩ ትጠይቃላችሁ። ቀላል ባቡሩ ከ2008 ጀምሮ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ድረስ ተዘርግቷል። ሐዲዱ አጠገብ ቤት ማግኘት መልካም ነው፤ ግን በመለዋወጫ እጥረት የቆሙት ባቡሮች ብዙ ስለሆኑ፣ ካርታ ላይ ያለው መስመርና ጠዋት ጣቢያው ላይ የምታዩት ነገር ላይገናኙ ይችላሉ። ባቡሩን እንደ ምርቃት ቁጠሩት፣ እንደ ዋና መጓጓዣ አትቁጠሩት።

የስም ነገርም አለ። «ቦሌ ነው» ሲሏችሁ የቱ ቦሌ ብላችሁ ጠይቁ። ቦሌ መድኃኔዓለም አንድ ነገር ነው፣ ቦሌ ቡልቡላ ሌላ ነው፣ ቦሌ አራብሳ ደግሞ ከከተማው ምሥራቅ ጫፍ ነው፤ ክፍለ ከተማውም ቦሌ ሳይሆን በ2013 የተቋቋመው ለሚ ኩራ ነው። ደላላው ውሸት አልተናገረም፣ የቀረውን ግን እናንተ ካልጠየቃችሁ አይነግራችሁም።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ዳር ላይ ያለው ቤት በወር በ4,000 ብር ረከሰ እንበል። ለዚያ ቤት ሲባል ባልም ሚስትም በመሄድና በመመለስ አንድ አንድ ተጨማሪ ታክሲ ቢይዙና ታክሲው 20 ብር ቢሆን፣ በቀን 80 ብር፣ በ26 የሥራ ቀን 2,080 ብር ሆነ። ልጆቹ በእግር መሄዳቸው ቀርቶ ሰርቪስ ቢገቡና ለአንዱ 1,500 ብር ቢከፈል 3,000 ተጨመረ። 5,080 ብር። ርካሹ ቤት በ1,080 ብር ተወደደ፤ ያውም የሚባክነውን ሰዓት ሳንቆጥር፣ ልጅ ሲታመም ከሥራ ወጥቶ ለመድረስ የሚያዘውን ራይድ ሳንቆጥር። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡና እዩት።

ውሃ እና መብራት

አከራይን «ውሃ አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «አለ» ነው። ቧንቧ አለ ማለቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ የሚለያዩት በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት በሚለው ነው። ጥያቄያችሁም ይሄ ይሁን፤ ደግሞ አከራዩን አይደለም የምትጠይቁት፣ የሱቁን ልጅ ነው። ሁለት ለስላሳ ግዙና «ወንድሜ፣ እዚህ ሰፈር ልንገባ ነበር፤ ውሃ መቼ መቼ ነው የምትመጣው?» በሉት። «ማክሰኞና ዓርብ፣ ሌሊት» ይላችኋል ሳያስብ፤ ለምን ቢባል እሱም ጀሪካን ይዞ ይነሳላ። ከዚያ ቀጥሎ ትራንስፎርመሩ ስንቴ እንደሚፈነዳ፣ የትኛው ጊቢ ሌባ እንደገባበት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይነግራችኋል።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ደረጃው ሥር እዩ። ቢጫ ጀሪካኖች በየደጁ ተደርድረው፣ ኮሪደሩ ላይ በርሜል ቆሞ ካያችሁ ነገሩ ገብቷችኋል። ሮቶ ካለ ለስንት ቤት እንደሆነ ጠይቁ፤ ለሁለት ቤተሰብ የሚበቃ ሮቶ ለስድስት ተከራይ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ባዶ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃው ሲመጣም ግፊቱ ላይደርስ ይችላል። አብዛኞቹ ኮንዶሚኒየሞች እስከ አራተኛ ፎቅ ያላቸው፣ ሊፍት የሌላቸው ናቸው፤ ሃያ አምስት ሊትር በእጅ ይዞ አራት ፎቅ መውጣት ለጎረምሳ ስፖርት ነው፣ ለነፍሰ ጡር አይደለም። ምድር ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ የፍሳሽ መስመር ሲዘጋ መጀመሪያ የሚመለሰው እዚያ ነው፣ የልጆች ኳስም መስኮታችሁን አትምርም። ለቤተሰብ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

መብራት ላይ ዋናው ጥያቄ ቆጣሪ ነው። የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት በትንሽ ብር ቢወደድም ውሰዱት። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የእያንዳንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይጨምራል። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሦስቱም ተደምረው ውዱ እርከን ላይ ይወጣሉ፤ ለየብቻ ቢሆኑ ሁሉም ርካሹ ላይ ይቆዩ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የ«ማን ብዙ ፈጀ» ጭቅጭቅ ነው፤ ጭቅጭቁ ደግሞ ሁሌ የሚያልቀው ምጣድ ላይ ነው። እንጀራ እቤት የምትጋግሩ ከሆነ ከመስማማታችሁ በፊት «ምጣድ ይቻላል?» በሉ። የማይፈቅድ አከራይ ሞልቷል፤ የሚፈቅድም «በሳምንት አንዴ» ይላል። አምስት ሰው ላለበት ቤት የገበያ እንጀራ በወር ምን ያህል እንደሚወጣ ማስላት አይከብዳችሁም።

ቤቱና ባለቤቱ

ቤተሰብ የሆነ ተከራይ አማራጩ በግርድፉ ሦስት ነው፦ ኮንዶሚኒየም፣ ጊቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት፣ ወይም አቅም ካለ ጊቢውን ሙሉ መያዝ። ሙሉ ጊቢ የሚችል ሰው ይሄን ጽሑፍ እያነበበ አይመስለኝም።

ሰርቪስ ቤት ርካሽ ነው፣ ጊቢ አለው፣ ልጆች ይሮጡበታል። ችግሩ አከራዩ እዚያው ጊቢ ውስጥ መሆኑ ነው። ጥሩ ሰው ከሆኑ እንደነሱ ያለ የለም፤ ልጆቻችሁን ያሳድጋሉ፣ ቡና ይጠሯችኋል። ካልሆኑ ግን ማታ ሦስት ሰዓት በር ይቆለፋል፣ እንግዳ ሲመጣ ይገላመጣል፣ ልብስ ለማጠብም ቀን ይወጣላችኋል። ይሄን በመጀመሪያው ጉብኝት ማወቅ ይቻላል። እትዬ በር ላይ ቆመው እንዲህ ይጠይቋችኋል፦

«ስንት ናችሁ?»

«አምስት ነን እትዬ፤ እናቴም አለች።»

«ልጆቹ ያስቸግራሉ?»

እዚህ ጋ ቁጥር አትቀንሱ። «ሁለት ነን» ብሎ ገብቶ ቀስ በቀስ ልጅና አያት ማስገባት ይሠራ የነበረ ዘዴ ነው፤ ውጤቱ ግን በስድስተኛው ወር «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ነው። ልጅ የማይወድ አከራይ መኖሩን በር ላይ ማወቅ ትርፍ ነው። ጊቢው ውስጥ ሌላ ልጅ ያለው ተከራይ ካለ ግማሹ ጥያቄ ተመለሰ።

ኮንዶሚኒየም ነፃነት አለው፣ በራችሁን ዘጋችሁ ማለት ዘጋችሁ ነው። የጋራ ሥራ የሚሠራበት ኮሚናል መኖሩንና ለነዋሪው ክፍት መሆኑን እዩ፤ አንዳንድ ቦታ ወደ ሱቅነት ተቀይሯል። ድግስ ወይም ለቅሶ ሲመጣ፣ በዓል ሲሆን በግ የሚታረደው እዚያ ነው፤ ከሌለ ደረጃው ላይ ነው።

ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም?

ይሄን ጥያቄ ከጥቂት ዓመት በፊት ማንም ተከራይ አያነሳውም ነበር፤ ዛሬ ከሴራሚኩም ከሮቶውም በፊት የሚጠየቅ ሆኗል። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ከፒያሳ ጀምሮ ካዛንቺስን ሲያዳርስ ሙሉ ሰፈር ተነስቷል፤ የወንዝ ዳር ልማትም አለ። ባለይዞታው ምትክ ወይም ካሳ ሊያገኝ ይችላል፤ ተከራይ የሚያገኘው «ውጡ» የሚል ቀነ ገደብ ነው። ልጆቹ ሦስት ወር የተማሩበትን ትምህርት ቤት ትተው ሌላ ክፍለ ከተማ መግባት ማለት ነው። ስለዚህ በዋና መንገድ ዳርና በወንዝ ዳር ያሉ አሮጌ ሰፈሮች ላይ ሁለቴ አስቡ። ወረዳው ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ቁርጥ ያለ መልስ ባታገኙም ከጠያቂው ብዛትና ከመላሹ ፊት የሚነበብ ነገር አለ። ግድግዳ ላይ በቀለም የተጻፈ ምልክት ካለ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቁ።

የከተማዋ ዳር ላይ ደግሞ የጨረቃ ቤት፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት አለ። አዲስ፣ ሰፊ፣ ርካሽ። ካርታ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ለተከራይ ነውር አይደለም፤ የመብራት ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነም ጠይቁ። ከጎረቤት የተጎተተ ሽቦ ካያችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ድንበሩንም አረጋግጡ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን ከአዲስ አበባ ጋር የተያያዙ ይመስላሉ፤ አስተዳደራቸው ግን በ2015 የተመሠረተው የኦሮሚያው ሸገር ከተማ ነው። መጥፎ ነው አላልኩም፤ በተለይ ለገጣፎና ቡራዩ ብዙ ቤተሰብ ተደላድሎ ይኖራል፣ ኪራዩም ቀለል ይላል። ግን መታወቂያችሁ የዚያ ይሆናል፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ በኦሮሚያ ሥርዓት ነው የሚሄደው፣ የአዲስ አበባ ወረዳ የሚሰጠው አገልግሎት አይደርሳችሁም። ይሄን ገብታችሁ ሳይሆን ከመግባታችሁ በፊት እወቁት።

ደላላና ውል

ያለ ደላላ ቤት ማግኘት ይቻላል፤ የሥራ ባልደረባ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰው፣ ቴሌግራም። እውነቱን ለመናገር ግን ብዙው ሰው በመጨረሻ ደላላ ጋ ነው የሚደርሰው። ኮሚሽኑን ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ። «ሌላ ሰው ሊይዘው ነው፣ አሁኑኑ ቀብድ ጣሉ» የሚባለውን እርሱት። ቤቱን ሳታዩ፣ የአከራዩን መታወቂያ ሳታዩ ብር በቴሌ ብር አትላኩ፤ ፎቶ ልኮ፣ ብር ተቀብሎ የሚጠፋ አለ። ቤቱን የሚያሳያችሁ ሰው ራሱ ተከራይ የሚሆንበትም ጊዜ አለ።

ሕጉ ከተከራይ ጎን ነው፣ ማወቁ ይጠቅማል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪም አከራዩ በፈለገው ቀን የሚያደርገው አይደለም። መሬት ላይ ደግሞ «የስድስት ወር ቅድሚያ ካልሆነ» የሚል አለ፣ «ውሉ ላይ ግማሹን እንጻፍ፣ ቀሪውን በእጅ» የሚልም አለ። ከሁሉም ጋር ተጣሉ አልልም፤ ቤት የሚፈልገው እናንተ ናችሁ። ግን ልጅ ይዞ ለሚገባ ሰው ሁለት ዓመት የተጻፈ ውል ከአምስት መቶ ብር ቅናሽ ይበልጣል፤ በእጅ የተሰጠ ብር ደግሞ ጭቅጭቅ ሲመጣ ምስክር የለውም።

አብሮ የሚሄደው የመታወቂያ ጉዳይ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ከቀበሌያችሁ መሸኛ አውጡ። አከራዩን ደግሞ «በቤት ቁጥሩ ያስመዘግቡናል?» ብላችሁ ጠይቁ። የነዋሪነት መታወቂያ ከሌለ የልጅ ምዝገባም፣ የሸማቾች ዘይትና ስኳርም፣ የጤና መድኅኑም መጓተት ይጀምራል። «አላስመዘግብም» የሚል አከራይ ኪራዩን ከመንግሥት የሚደብቅ ነው፤ ሌላም የሚደብቀው ላይጠፋ ይችላል።

የቀሩት

ብርዱ ቀልድ አይደለም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል፤ በአንድ ከተማ ውስጥ ሽሮ ሜዳ ጋቢ ለብሶ ቃሊቲ በሸሚዝ የሚኬድበት ቀን አለ። ከድሬዳዋ ወይም ከአዳማ የምትመጡ፣ ደግሞ አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ፣ ደቡቡን አስቡበት። ወደ ቃሊቲና አቃቂ ግን የፋብሪካና የከባድ መኪና ጭስ አለ፤ ከዋናው መንገድ ገባ በሉ።

አያት አብራ ካለች ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ በእግሯ የምትደርስበት ይሁን። ይሄን ችላ የሚል ብዙ ነው፤ አገሯን፣ ጎረቤቷን፣ ማኅበሯን ጥላ የመጣች ሴት አራተኛ ፎቅ ላይ ተቆልፋ ስትውል ምን እንደምትሆን አስቡት። ግድግዳችሁ ከድምፅ ማጉያው ጋር እንዳይጎራበት ብቻ አንድ ሌሊት ቀድማችሁ አድምጡ። ለጭፈራ ቤቱም እንደዚሁ፤ ዓርብ ማታ አራት ሰዓት ላይ ሰፈሩን ዞር ዞር በሉበት።

ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ፣ ሌሊት ልጅ ቢያተኩሰው የትኛው ሆስፒታል እንደሚቀርብ እወቁ። ወፍጮ ቤት፣ ጉሊት፣ የእሁድ ገበያ ካለ ጥሩ። ከገባችሁ በኋላ እድር ለመመዝገብ አትዘግዩ፤ መመዝገቢያ እንዲከፈል ይጠየቃል፣ ለአዲስ ሰው ደግሞ ከሰፈሩ ጋር የሚያስተዋውቀው ከሱ የፈጠነ ነገር የለም።

የመጨረሻው ዕቃው ነው። መኪናው ሰፈር ሲደርስ ጫኝና አውራጅ ነን የሚሉ ልጆች ይከቡታል፤ የራሳችሁን አልጋ ራሳችሁ ብታወርዱም ይከፈለን የሚሉበት ሰፈር አለ። ቤቱን ስትይዙ አከራዩን ወይም የሱቁን ልጅ «እዚህ የሚያወርዱት እነማን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁና አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ሄዳችሁ በዋጋው ተስማሙ። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ፍሪጅና ቁም ሣጥን መኖሩን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ጭነቱን ሌሊት አስነሱትና ረፋድ ላይ ይድረስ። በጨለማ የገባ ዕቃ ሂሳቡ እጥፍ ነው፤ የጋዝ ሲሊንደሩና የልጆቹ ደብተር ያለበት ካርቶንም የሚገኘው ከሳምንት በኋላ ነው።